ቀኑን በማምሻ የሚቀይረው ሰዓት

እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሚስቴ አስካለ ሌላ ሌላ ስለምታወራ ነው። እንቁላል ስገዛ ወደ ፀሐይ አንስቼ አያለሁ፤ ቅቤ ስገዛ ሙዝ ተለውሶበት እንደሆነ በጣቴ አሽቼ አሸታለሁ፤ የግሼ ማር ነው ብሎ የሚሸጥልኝን ሰው «እስቲ አንተ ቅደምና ቅመስ» ብዬ ፊቱን አያለሁ። ይህ ጥንቃቄ ይባላል። አስካለ ግን ላገኘችው ሰው ሁሉ የምታወራው የሠርጋችንን ቀን ነው። ዓይነ ርግቧን ገለጥ አድርጌ አየኋት፤ መልሼ ሸፈንኳት፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ገልጬ አየኋት። ታዲያ ምን አለበት? ያን ቀን አብረዋት የመጡት ሴቶች ሁሉም ነጭ ለብሰው ነበር፤ ሰው ሊሳሳት ይችላል።

ሞላሌ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ነፍሴ ያለችው ግን ከባንኮኒው ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። አሮጌ የእጅ ሰዓት እሰበስባለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ኦርጅናሉን ከፎርጅዱ እለያለሁ። በገበያ ቀን ከመሐል ሜዳም ከራቤልም የመጣ ሰው የአያቱን ሰዓት በመሀረብ ቋጥሮ ያመጣልኛል። እኔም አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣ ጀርባውን ከፍቼ ሆድ ዕቃውን አይና ፍርዴን እሰጣለሁ። «ኦርጅናል ነው»፣ «ፎርጅድ ነው»፣ ወይም ደግሞ «ሆዱ ኦርጅናል ነው፣ ልብሱ ነው የተቀየረው» እላለሁ። በዚህ ፍርዴ ስንት ዘመድ እንዳኮረፈኝ እግዜር ይወቀው። አንዱ አጎቴ የአባቱ ሰዓት ፎርጅድ መሆኑን ከነገርኩት ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ እጁን ኪሱ ይከታል።

የእኔ ሰዓቶች በሙሉ የድሮ ናቸው። መሙያቸው በእጅ ይዞራል፣ ሁለት ቆጣሪ አላቸው፣ አለቀ። ቀን የሚባል ነገር አይቆጥሩም። ይህችን ያዙልኝ፤ ጉዱ የሚመጣው ከዚህች ነው።

አንዲት ልጅ አለችን፤ ስንዱ ትባላለች። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶላት ሁለቴም መልሻለሁ። የመጀመሪያው ልጅ «ከሰው ሁሉ ጋር ይስማማል» አሉኝ። ከሰው ሁሉ ጋር የሚስማማ ሰው ምን ቢደብቅ ነው? ሁለተኛው ደግሞ በሱቄ በር ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳኝ ነበር። ሳሙና ሳይገዛ እጅ የሚነሳ ሰው አልወድም። ስንዱ ያን ጊዜ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። አስካለ ግን «ይቺ ልጅ እዚሁ ከሰዓቶችህ ጋር ልታረጅ ነው» ብላ ሰንብታ ሰንብታ ወጡን ጨው አሳጣችው።

እንግዲህ ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት የቤቱን ቆርቆሮ በሚያነጣበት ሰሞን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከዓለም ከተማ መጡ። መኪና እየቀያየሩ፣ አቧራ እየጠጡ ነው የመጡት። ፊት የቆሙት የልጁ አጎት አቶ በየነ ናቸው። ቀጥለው መምሬ ወልዴ፤ ጥምጥማቸው ከአቧራው የተረፈ ብቸኛ ነጭ ነገር ነበር። ሦስተኛው ቀጭን ሰውዬ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ስማቸውን አልተናገሩም፣ እጄን ጨበጡና ዓይናቸውን ከላይ እስከ ታች አዞሩብኝ። እኚህን ሰውዬ ወዲያው ነው የጠረጠርኳቸው።

«ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ በየነ።

ወጉ ነው። እነሱ ይቆማሉ፣ እኔ ያልሰማሁ መስዬ ተቀመጡ እላለሁ፣ እነሱ እምቢ ይላሉ። ከዚያ አቶ በየነ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የልጁን ስም፣ ሥራውን፣ ትውልዱን እስከ ምንጅላት ዘረዘሩ። አስተማሪ ነው። ስንዱን ለሥልጠና ዓለም ከተማ በሄደች ጊዜ ነው ያወቃት። እኔም እንደ ደንቡ «ሰምቻለሁ፤ ከዘመድ ልምከርበት፤ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ» አልኩ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት በእኛ አገር የለም። እስከዚህ ሁሉ ነገር ደህና ነበር።

ሊወጡ ሲሉ አቶ በየነ ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ሣጥን አውጥተው መደቡ ላይ አኖሩ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ልጁ የላከው ነው። አባቷ ሰዓት ይወዳሉ ሲባል ሰምቶ ነው።»

ገና እሺ ሳልል ስጦታ! ይህ የማን አገር ወግ ነው? ሣጥኑን ስከፍተው ዓይኔ ተጭበረበረ። ወርቅማ ሰንሰለት፣ ወርቅማ ክብ፣ በመስተዋቱ በኩል ቀን የሚያሳይ ትንሽ መስኮት። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ብቻ ሀብታም ሲያስረው በብርድ እንኳ እጅጌውን የሚሰበስብለት ዓይነት ሰዓት ነው።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አስካለን አስቀምጬ ነገሩን አስረዳኋት። «ይህ ሰዓት ኦርጅናል ከሆነ አስተማሪ ከየት አመጣው? ሌባ ነው። ፎርጅድ ከሆነ ደግሞ አጭበርባሪ ነው። ሌባም ሆነ አጭበርባሪ ስንዱን አይወስዳትም።»

«ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም?» አለችኝ።

«ምን ሦስተኛ?»

«ደግ ልጅ ቢሆንስ?»

ሳቅኩባት። ስንዱ በጓዳው በር ቆማ ትሰማን ነበር። ፊቷ ቀልቷል። ያን ጊዜ ነው ልጁን እንደምትወደው የገባኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ብመልስ አራተኛ የሚመጣ እንደማይኖር አውቃለሁ። ግን ለሌባ እንዴት ልስጣት? ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት! ሁለት ሳምንት አለኝ፤ እመረምራለሁ፣ እውነቱን አወጣለሁ አልኩ።

መጀመሪያ በሱቄ ሚዛን መዘንኩት፤ አንድ ሳሙና ደፋ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤ የእኔ ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ይህ ግን እንደ ተኛ ድመት ያንኮራፋል። ስልኬን ከፈትኩና ስለ ሰዓት የሚያወራ አንድ ፈረንጅ አገኘሁ። ሰውዬው ሰዓቱን እያገላበጠ፣ ጣቱን እየቀሰረ ያወራል፤ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ላይ የለሁበትም። ሱቄ ስኳር ሊገዛ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ያዝኩና «ምን ይላል?» አልኩት።

«ኦርጅናሉ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ይቀይራል ይላል። ፎርጅዱ ግን ሰዓት አይጠብቅም፣ ሲያሻው ይቀይራል ነው የሚለው።»

አገኘሁት! እኩለ ሌሊት ማለት ስድስት ሰዓት ነው። ሰዓቱን ከሱቄ ሰዓት ጋር አስተካክዬ ሞላሁት፤ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አደረግሁት። እዚህ ላይ ብልህነቴን ልንገራችሁ። ቁጥሮቹን ሳዞራቸው እስከ ሠላሳ አንድ ይሄዳሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እኔ ግን ፈረንጅ ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ወር እንዳለው አውቃለሁና አለፍኩት። በፈረንጅ ቀን አልታለልም። እስከዚህ ድረስ የሚያስብ ሰው ነኝ እንግዲህ።

እኩለ ሌሊትን ቁጭ ብዬ መጠበቅ አላስፈለገኝም። በዚያው ቀን ማምሻውን፣ ዶሮዎች ወደ ቤት ሲገቡ፣ ሰዓቱን እንደዋዛ አየት ባደርገው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዓይኔ እያየ ቁጥሯ እጥፍ አለችና ሌላ ቁጥር ብቅ አለች።

«አስካለ! ያዝኩት! ያዝኩት!»

«ሌባ ገባ?» እያለች የሙቀጫውን ዘነዘና ይዛ መጣች።

«ሰዓቱ! ገና ሳይመሽ ቀኑን ቀየረ!»

ዘነዘናውን መሬት ላይ አቁማ ተደግፋው አየችኝ። «እና አሁን ምን ሆንክ?» አለች። በማግስቱም ማምሻውን ጠበቅሁት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እጥፍ! ስድስት ሰዓት የቀደመ ፎርጅድ። ስንዱን ጠርቼ አሳየኋት። አንገቷን ሰብራ አየችውና «ይገርማል» ብላ ተመለሰች። ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ልጄ አዝና ነው መሰለኝ።

ግን እኔ በአንድ ማስረጃ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ጀርባውን ከፈትኩት። አጉሊ መነጽሬን ሰክቼ ሆድ ዕቃውን ሳይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆረጠ ብረት ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ተፈቶ የወለቀ ነገር መስሎኝ በወስፌ ነካ አደረግሁት፤ ብረቱ ዞረ። ደግሞ ነካሁት፤ ደግሞ ዞረ። ፈራሁና መልሼ ከደንኩት። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ተውኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሳየው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሰዓቱ ሞቶ ቢያገኙት ምን ይሉኛል? «ሰበረውና ፎርጅድ ነው አለ» ይላሉ። መሙያውን ባዞረው ባዞረው አልነሳ አለ። አስተማሪውን እንደገና ስኳር አስገዛሁትና ፈረንጁን አስተረጎምኩት።

«ይህ ሰዓት የሚሞላው በእንቅስቃሴ ነው ይላል። ባለቤቱ እጁን ሲያወዛውዝ ያ ብረት ይዞራል፤ ሲዞር ይሞላል።»

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እጄ ላይ ማሰር። ነገር ግን ከእጄ ላይ ካሰርኩት እሺ አልኩ ማለት ነው። አንድ ሰው አይቶ ዓለም ከተማ ድረስ ቢነግርብኝስ? አስካለን «አንቺ እሰሪው» ብላት «እኔ በሽማግሌ የተጠየቅሁ ነኝ?» አለችኝ። በቤታችን ውስጥ የሚንቀሳቀስ፣ ግን ለማንም የማይመሰክር ፍጡር ማን አለ? ዓይኔ ግቢው ውስጥ ያለው ሙክት ላይ አረፈ።

ለገና የማደልበው ሙክት ነው። ቀኑን ሙሉ ገብስ ያመነዥካል፤ አንገቱ አያርፍም። ሰንሰለቱን በሲባጎ ቀጠልኩና አንገቱ ላይ አሰርኩለት፤ ፀጉሩ ውስጥ ሸሸግ አደረግሁት። ጆሮዬን ብጥልበት ያ የድመት ማንኮራፋት ተጀምሯል። በደስታ ግንባሩን ሳምኩት። እሱም በዚያው ግንባሩ አንድ ጊዜ ደቆሰኝ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ አስካለ እየሮጠች መጣች። «ሙክቱ ገመዱን በጥሶ ወጣ!» ሱቁን እንዳለ ጥዬ ወጣሁ። ከከተማው ጫፍ፣ መስኩ ላይ፣ ሙክቴ ከሌላ ሰው የበግ መንጋ ተቀላቅሎ ይግጣል። የመንዝ በግ ደግሞ ፀጉሩ እንደ ባና፣ እንደ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብሳችን ነው፤ ሰዓት የትኛው ሥር እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው። መንጋው ውስጥ ገብቼ የአንዱን አንገት ስዳብስ፣ የሌላውን ስዳብስ የበጎቹ ባለቤት ሴትዮ ከወዲያ ማዶ «አንተ ሰውዬ፣ በጎቼን ምን ታደርጋቸዋለህ?» ብለው ጮኹ። «ሰዓት እያየሁ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? እውነቱ ይኸው ነው።

በመጨረሻ ፀሐይዋ ረዳችኝ፤ ከአንዱ አንገት ሥር ወርቅ ብልጭ አለ። ሙክቴን ጎትቼ በመሐል መንገድ ሳልፍ ሞላሌ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ ያየኛል። ለበጎቹ ወርቅ ሰዓት ያሰረ ተብሎ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ የሚመጣ ሁሉ ጨው ከመግዛቱ በፊት «ሙክቱ ስንት ሰዓት ነው አለ?» ይለኝ ጀመር። ደሜ ፈላ፤ ግን ሰዓቱ ይሠራ ነበር። ቆጣሪዎቹን አዞርኩና ከሱቄ ሰዓት ጋር መልሼ አስተካከልኳቸው፤ ቀኑንም አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሱቄን ዘግቼ፣ በእጄ ጨብጬ ወዝወዝ አደርገው ነበር።

ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩበት ቀን ደረሰ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱም ደጃፌ ላይ ቆሙ። ቆለኞች ናቸውና የእኛ ብርድ ገና ከመግባታቸው አፍንጫቸውን አቅልቶታል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ በየነ።

«መልሱን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዓይናችሁ ታያላችሁ።»

ተያዩ። ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና እንደ ዓቃቤ ሕግ ተነሥቼ ማስረጃዬን ዘረዘርኩ። ኦርጅናል ሰዓት ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራል፤ ይህ ግን በዓይኔ በብረቱ እንዳየሁት ማምሻውን ይቀይራል፤ ስለዚህ ፎርጅድ ነው፤ «ፎርጅድ የሚሰጥ ሰው ደግሞ…» አልኩና አጎትየው ፊት ስለነበሩ ዋጥ አደረግሁት።

መምሬ ወልዴ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እኔ ጥፋት አላየሁበትም» አሉ። «በዓል የሚገባው በዋዜማው አይደለም? ዕለት በሠርክ ይገባል። ይህ ሰዓት ሥርዓት የሚያውቅ ነው።»

«አባ፣ ይህ በፈረንጅ የተሠራ ነው።»

«ፈረንጅስ ቢሆን ክርስቲያን የለውም?»

በዚህ ስንከራከር ጊዜው ሄደ። እነሱ አልተቀመጡም፣ እኔም እነሱ ቆመው መቀመጥ አልሆነልኝም። አራታችንም ጠረጴዛዋን ከበን ቆመን አንዲት ሰዓት እናያለን። ባለ ካፖርቱ ሰውዬ ምሰሶውን ተደግፈው፣ ሰዓቱን ሳይሆን እኔን ያያሉ። ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ሆነ፣ ሁላችንም ወደ ሰዓቱ ጎንበስ አልን። አሥራ ሁለት ሆነ።

ምንም የለም። ቁጥሯ እንደተገተረች ናት።

«ትንሽ ጠብቁ» አልኩ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሰዓቱን አንስቼ ወዘወዝኩት። በጣቴ መስተዋቱን ቆረቆርኩት። ቁጥሯ ወይ ፍንክች! ላቤ በዚያ ብርድ ግንባሬ ላይ ወረደ።

«መልሱ ይሄው ነው?» አሉ አቶ በየነ በቀስታ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አስካለ ከጓዳ ብቅ ብላ አዳነችኝ። «መሽቷል፣ መኪናም የለም፤ እዚሁ ታድራላችሁ» አለች። ሽሮና ጠላ ቀረበ። እንግዶቹ በመቀመጥና ባለመቀመጥ ክርክር ገቡና መምሬ ወልዴ ፈረዱ፦ «ይህ መቀመጥ ለእራት ነው። ለጉዳዩ ግን እንደቆምን ነን።» በልተው ሲያበቁ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባና ሰጠናቸው፤ ተጠቅልለው ተኙ። እኔ እንኳ ተኛሁ አልልም፣ ጋደም አልኩ። ሰዓቱ ባለጌ ነው፤ ብቻዬን ስሆን ይዘላል፣ ምስክር ሲኖር ይገታል። እንዲህ ያለውን ሰዓት የሰጠኝ ሰው ምን ዓይነት ይሆን?

ሲነጋጋ መምሬ ወልዴ ለጸሎት ተነሥተው ኖሯል። ድንገት ሲጣሩ ሰማሁ። «ጌታው! ኧረ ጌታው! ዘለለ!»

በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግሬን ደረስኩ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከንጋቱ። ቁጥሯ ተቀይራለች። ሁሉም ባናቸውን ተከናንበው ተነሡና ከበቧት።

«አያችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። «ባለፈው ሳምንት ማታ፣ ዛሬ ደግሞ ጠዋት! ይህ ሰዓት ፎርጅድ ብቻ አይደለም፣ ቃሉን የሚለውጥ ነው!»

መምሬ ወልዴ አሁንም ጢማቸውን አሻሹ። «ለገበሬው ደግሞ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ይህም ትክክል ነው» አሉ።

«አባ፣ ማታም ትክክል፣ ጠዋትም ትክክል?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው!»

ትዕግሥቴ አለቀ። እምቢ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። «እንግዲህ ስሙኝ፤ ልጄን እንዲህ ላለ» ስል ባለ ካፖርቱ ሰውዬ እጃቸውን አነሡ። ከመጡ ጀምሮ ድምፃቸውን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

«እኔ የምለው» አሉ፤ «ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። ስለ ልጁ የሚጠይቀን ሰው የለም?»

ስለ ልጁ ምን አውቃለሁ? አስተማሪ ነው። ሌላስ? ስሙስ? በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል፤ ሣጥኑን ስከፍት ግን ከጆሮዬ ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰዓት ስመዝን፣ ሰዓት ስፈታ፣ በግ ሳባርር የልጁን ስም አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እፍረቱ ከጆሮዬ ጀምሮ አቃጠለኝ።

ስንዱ በበሶ የተሞላ ሳህን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሳህኑን አስቀመጠችና አጠገቤ ቆመች።

«ደረጀ ነው ስሙ አባዬ» አለች። «ሰዓቱ ደግሞ ምንም አልሆነም። የፈረንጅ እኩለ ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቆጣሪዎቹ በቀን ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት ላይ ይደርሳሉ፣ ቀኑን የሚቀይሩት ግን በአንደኛው ብቻ ነው። አንተ በእኛ አቆጣጠር ስትሞላው ቀኑ ወይ ሲመሽ ወይ ሲነጋ ይዘላል እንጂ ስድስት ሰዓት ላይ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ለማምሻው ገጠመልህ፤ ከሙክቱ አንገት ፈትተህ ስታዞረው ለጠዋት ገጠመ።»

እኔ በፈረንጅ ቀን የማልታለለው በፈረንጅ ሰዓት ታልዬ ኖሯል።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«አውቄ ነው።»

«ታዲያ ኦርጅናል ነው?»

«ፎርጅድ ነው» አለች ዓይኗን ሳትሰብር። «እኔ ነኝ ግዛ ያልኩት። እሱማ ጋቢ ልላክላቸው ብሎኝ ነበር። ጋቢ ከላክህ ጋቢውን በአንድ ቀን መርምሮ ይጨርስና ወደ አንተ ይመጣል፤ ፎርጅድ ሰዓት ላክለት፣ ቶሎ አይጨርሰውም አልኩት። አባዬ፣ በፊት የመጡትን ሁለቱን በምን እንደመለስካቸው አልረሳሁም። ያን መነጽርህን ዓይንህ ላይ ሰክተህ ደረጀን እንዳትፈታብኝ ፈርቼ ነው። አንዴ ከፈታኸው መልሰህ አትገጥመውም።»

አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ይቺም ታውቅ ነበር ማለት ነው! መቆጣት አማረኝ፣ አልሆነልኝም። ይልቅ ልቤ በኩራት ሞላ። ያታለለችኝ የገዛ ልጄ ናት፤ ይህን የመሰለ ሥራ ደግሞ ከማንም አልተማረችውም፣ ከእኔ ነው።

ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞርኩ። ባናቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል።

«እስቲ ተቀመጡ» አልኳቸው። «ለጉዳዩ።»

መምሬ ወልዴ «ተመስገን» ብለው ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩና «በሉ ስለ ደረጀ ንገሩኝ» አልኩ። ሁለቱ ወደ ባለ ካፖርቱ ዞሩ።

«አንተ ተናገር እንጂ፣ ልጅህ አይደለም?» አሉ አቶ በየነ።

ክው አልኩ። የልጅ አባት ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል እንዴ? ሰውዬው ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉና ሳቅ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታው። ወጉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ሰው የሚነግረኝን አላምንም፤ ልጄ ከማን ቤት እንደሚገባ በዓይኔ ልይ ብዬ ነው።»

«እና ምን አዩ?»

«ለገዛ ልጁ ሲል በግ የሚያባርር ሰው አየሁ። ገበያው ሁሉ ነግሮኛል። እርግጥ ሦስት ሰው ጠይቄ ነው ያመንኩት።»

ተነሥቼ አቀፍኳቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከወዴት ይገኛል?

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሰዓቱንም እጄ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ቆሞ ስንት ጊዜ እንዳስተካከልኩት እንጃ፤ ዞሮ ዞሮ ቀኑን ወደ ማምሻው መልሶታል። በሠርጉ ዋዜማ ግቢው በዳስ ተሸፍኖ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ ሲንጫጩ እኔ ከሰው ተለይቼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቁጥሯ እጥፍ አለችና የነገዋ ቁጥር ብቅ አለች፤ የሠርጉ ቀን። ስንዱ ግን ገና ቤቴ ናት! ድምፅዋ ከጓዳ ይሰማኛል። አንድ ሌሊት ገና አለኝ።

መሙያውን ሳብ አድርጌ ልመልሳት ሞከርኩ። ለካ ያቺ ቁጥር ወደ ኋላ አትሄድም፤ ወደ ፊት ብቻ ነው የምትሄደው። አንዲት ቀን ለመመለስ ወሩን በሙሉ ዙሪያውን ማዞር ነው። ማዞር ጀመርኩ። ሳዞር ሳዞር ስንዱ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ምነው አባዬ፣ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ቸኮለብኝ።»

ሰዓቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ሰዓቱን ከእጄ ተቀብላ፣ የቀረውን ቀን እሷ አዞረችልኝ።